ድንኳን አለን፤ አስታማሚ የለንም

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚጎድል ነገር የለም። ገና ሳይነጋ የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን እየነፋ መንደሩን ይዞራል። ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱና ሳፋው ከእድሩ ቤት ወጥቷል። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ወንዶቹ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ይልካሉ፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ የቀረውን ይቆጥራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሠርጉም ስብሰባውም በሚዘገይበት አገር ቀብራችን ሰዓት ያከብራል።

ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ዓመት፣ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ግን ጥሩምባ የሚነፋለት የለም። «እግዜር ይማርህ» ባይ ሞልቷል፤ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ መጥቶ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ የሚሄድ ሞልቷል። ጎኑን የሚያገላብጥለት፣ ገላውን በወጉ የሚያጥበው፣ ሳያስነቀው የሚያጎርሰው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው አንድ የሠለጠነ ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መሃል አይገኝም። ልጆች ቢኖሩት ሥራቸውን እየጣሉ ይሯሯጣሉ፤ ባይኖሩት ለጎረቤትና ለፈጣሪ ይተዋል።

«ምን ይደረግ፣ ድህነታችን ነው» የሚል መልስ አለ። እኔ አልቀበለውም። ድህነት ብቻ ቢሆን አዝን ነበር እንጂ አይቆጨኝም ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያስታምም ሰው ነበረን፤ ዕውቀቱም ነበረን፤ ሰዎቹን የሚያሰማራ ማኅበርም ነበረን። ዕድሉ አንዴ ብቻ አይደለም የመጣው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ሁሉንም በገዛ እጃችን በተንነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤችአይቪ ኤድስ የአዲስ አበባን በር አንድ በአንድ ያንኳኳ ጀመር። ሆስፒታል አልጋ አልነበረም፤ አልጋ ቢገኝ መድኃኒት አልነበረም። ሕመምተኛው ቤቱ ሄዶ እንዲተኛ ይነገረዋል፤ ቤቱ ያለው ደግሞ ወይ የተደናገጠች እናት ናት፣ ወይ አድልዎ የፈራ ቤተሰብ፣ ወይ ማንም። መከራው ቀድሞ የደረሰው እድሮች ደጃፍ ነው። አልፎ አልፎ ድንኳን ይተክል የነበረ እድር በየሳምንቱ መትከል ሲጀምር ካዝናው ተራቆተ። ያኔ ነው አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፣ ከግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር ተዋውለው፣ ከአባሎቻቸው መካከል ፈቃደኛ ሰዎችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ እየመረጡ ያሠለጠኑት።

ሥራው «የቤት ለቤት እንክብካቤ» ይባል ነበር። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች፤ ውስጡ ጓንት፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ የቁስል መቀቢያ ጂቪ፣ በረኪና፣ የፕላስቲክ አንሶላ አለ። የተኛውን ታጥባለች፣ ቁስሉን ትጠርጋለች፣ አንሶላውን ትቀይራለች፣ ሾርባ ታጠጣለች፣ ለቤተሰቡም እንዴት እንደሚያዝ ታሳያለች። ከበላይዋ ነርስ ትቆጣጠራታለች፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ታስተላልፋለች። ዛሬ በሌላው ዓለም በድርጅት ስም፣ በመድን ገንዘብ፣ በውል የሚሸጠው አገልግሎት ከዚህ ብዙም አይርቅም። እኛ ዘንድ በእድር ሴቶች እጅ፣ በነጻ ወይም ለትራንስፖርት በማይበቃ አበል ይሠራ ነበር።

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ። ተኝቶ የነበረው ሰው ተነሥቶ ሥራ ገባ። ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። ከደስታው ጋር ግን ያላስተዋልነው ነገር ሆነ፤ የቤት ለቤት እንክብካቤው አስፈላጊነት አበቃ ተባለ። የለጋሾች ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ፣ ፕሮጀክቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፣ ቦርሳው ባዶውን ተሰቀለ፣ ሴቶቹም ወደ ጉልታቸው ተመለሱ።

አንድ ሰው ብቻ ቆም ብሎ «እዚያው ግድግዳ ተጋርቶ ባለው ቤት ማን ተኝቷል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ! ደም ግፊት ጥሎት ግማሽ ጎኑ የማይታዘዘው፣ ስኳር እግሩን የወሰደበት፣ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናት፣ የልጃቸውን ስም የረሱ አባት እዚያው ነበሩ። ያችው ሴት፣ ያው ቦርሳ፣ ያችው ነርስ በቂ ነበሩ፤ የሚቀየረው የበሽታው ስም ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ በዚያው ወቅት ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚሠራበት የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ተጽፎ ነበር። ዕቅድ አውጪው፣ ነርሷና የእድሯ ሴት በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ይመላለሱ ነበር። ማንም አላስተዋወቃቸውም።

እኔ የዚህ ብክነት ልክ የታየኝ በእናቴ አልጋ አጠገብ ነው። እማዬን ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ ሲል፣ ከሆስፒታል የወጣችው የመድኃኒት ዝርዝርና የቀጠሮ ቀን በተጻፈበት አንድ ወረቀት ነው። «ቤት ወስዳችሁ አስታሟት» ተባልን። እንዴት የሚለውን የነገረን የለም፤ ወረቀቱም ላይ የለም።

ያኔ ማንም ቤተሰብ የሚያደርገውን አደረግን፤ ደላላ ጋ ሄድን። ደላላው ያመጣልን ልጆች ልብስ ማጠብና ሽሮ መሥራት የሚችሉ፣ ገና ከገጠር የገቡ ለጋዎች ነበሩ። አንዷ የአሮጊት ገላ ማጠብ አስፈርቷት ሳትሰነብት ወጣች። ሌላዋ ደህና ልጅ ነበረች፤ «ለበዓል አገሬን አይቼ ልምጣ» ብላ ሄዳ ቀረች። አልፈርድባትም። ለአንድ ሠራተኛ ደሞዝ ምግብ አብሳይም፣ ልብስ አጣቢም፣ ሌሊት ነቅታ የምታድር ነርስም እንድትሆን ነበር የጠየቅናት። ነርስ በቤት የሚልክ የግል ድርጅትም ሞክረን ነበር፤ ሥራቸው ጥሩ ነው፣ ሒሳቡ ግን የእኛ አይደለም። እማዬ የምትኖረው በአባቴ ጡረታ ነው፤ ባል ሲሞት ለሚስት የሚደርሳት ደግሞ የጡረታው ግማሽ ነው። ከዚያ ግማሽ ላይ በየምልልሱ የሚከፈል የነርስ ዋጋ አይወጣም።

እንዲህ እያልን ስንውል ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫዋ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ቀላ። እኛ ሙቀት መስሎን ቅባት ቀባነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩ የእድራችን አባል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» የምላቸው ሴት፣ ሊጠይቁ መጡ። ከእማዬ ጋር ትንሽ ተጫወቱ፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው እንዲህ በጀርባዋ ብቻ የሚያስተኛት?» አሉ። «ጓንት አለ? ጋቢ አምጣልኝ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው እጃቸውን ታጠቡ። «አይዞሽ እታለም፣ ወደኔ ዘንበል በይ» እያሉ አንድ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ፣ አንዱን ዳሌዋ ላይ አድርገው በአንድ ጊዜ አዞሯት። እኛ ሁለት ሆነን እያቃሰትን የምናነሣትን እናት እሳቸው ብቻቸውን ቀስ ብለው ጎን አስያዟት። ጋቢውን ጠቅልለው ከጀርባዋ አስደገፉ። በሁለት ጉልበቶቿ መሃል ትራስ አገቡ። ሌላ ትራስ ከባቷ ሥር አድርገው ተረከዟ አልጋውን እንዳይነካ ወደ ላይ አንሳፈፉት። አንሶላውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው የተጨማደደውን ዘረጉ። «ቀዩን አታሹት፣ ይብሳል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ለውጡላት፤ ሰዓቱን እየጻፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስታጎርሷት ቀና አድርጋችሁ፣ ደህና በሆነው ጎኗ በኩል፣ አገጯን ዝቅ አድርጋ ትዋጥ።» ቡና ሳይፈላ ሥራው አለቀ።

«እትዬ፣ ይሄን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«በእድራችን ነዋ! በዚያ በክፉ ጊዜ። እኔ ብቻ መስዬህ ነው? ስንት ነበርን። መድኃኒቱ መጣ፣ እልል አልን፤ ሰርተፊኬት ሰጡን፣ እጃችንን ጨብጠው ሸኙን። ከዚያ ወዲያ ‹ነይ› ብሎ የጠራኝ የለም።»

ደላላ ፍለጋ ከተማውን ስናስስ የምንፈልገው ሙያ ሦስት ቤት አልፎ ሽሮ ሲያማስል ነበር። እድራችን የሁላችንንም ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር የያዘ መዝገብ አለው። ማን ምን ያውቃል የሚል ገጽ ግን የለውም።

በዚያው ሌሊት ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በዋትስአፕ ደወለች። ሥራዋ ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ብዙ አበሾች የሚውሉበት ሥራ ነው። የሆነውን ልነግራት ስጀምር አቋርጣኝ፣ «ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከጀርባዋ፣ ትራስ በጉልበቷ መሃል፣ ተረከዟን ከፍ» አለችኝ። እትዬ ካሉት አንዲት ነገር አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ መንግሥት በሚከፍላቸው የቤት ውስጥ ጤና ድርጅቶች የሚቀጠር ረዳት ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ያዛል። 75 ሰዓት ሁለት የሥራ ሳምንት እንኳ አይሞላም። እህቴ በዚያ ሥልጠና ደሞዝተኛ ሆነች፤ ለአቅመ ደካማው ድሀ የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬይድ ይከፍልላታል። እትዬ ያንኑ ትምህርት ይዘው ጓዳቸው ቀሩ። እህቴ ጠዋት የሰው እናት በወጉ አጥባ፣ ማታ ለራሷ እናት ለሠራተኛ የሚሆን ዶላር ትልካለች፤ በዶላሩ የምትቀጠረው ልጅ ደግሞ የእህቴን ሙያ ሩቡን አታውቅም።

በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ሌላ ምስክር ናቸው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተጭነው የሄዱት የጎንደር ገበሬዎች ዛሬ አርጅተዋል። አገሪቱ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ የምትሠራበት የእንክብካቤ መድን አለ፤ ራሱን ችሎ መልበስና መታጠብ ያቃተው ሽማግሌ ተመዝኖ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ተንከባካቢ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። የአማርኛ ተናጋሪ ተንከባካቢ የሚደርሳቸውም አሉ። እስራኤል ሀብታም ናት ይባል ይሆናል። የገንዘቡን ልክ ትተን አሠራሩን ብናይ ግን ከእድር የተለየ ምስጢር የለውም፤ ሁሉም ሰው በጤናው ጊዜ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ የደከመው ከመዋጮው ይጦራል። እኛ ይህን መላ ከማንም ሳንማር ይዘነው፣ የምናዋጣው ግን ለሬሳ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው በአውሮፕላን ነው። ኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ ላይ ወረደ። ከእነዚያ መካከል ከ50 ሺህ የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ። የነበሩበትን ግፍ እናውቃለን፤ ፌስታል ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን የወረዱም ነበሩ። በብዙዎቹ ሴቶች እጅ ግን ሙያ ነበር። የዓረብ አሮጊት ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር አዛውረዋል፣ ስኳር ለክተዋል፣ ዳይፐር ቀይረዋል፣ ሌሊት ቁጭ ብለው አድረዋል። ያን ጊዜ አንድ ቅጽ ላይ «ምን ታውቂያለሽ? ማን አስታመሽ ነበር?» የሚል መስመር ቢኖር፣ የአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን የደሴም፣ የጅማም፣ የወልዲያም ሽማግሌ አስታማሚ ያገኝ ነበር። እኛ ግን በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጅተን ዶሮ አርቢ ልናደርጋቸው ተነሣን። ያልተሳካላቸው ብዙዎች ተመልሰው ባሕር ተሻገሩ።

ከዚህ የሚብስ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለቤት ሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስና የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት እንድትይዝ ጠየቀ። ልጆቹን ከዝርፊያና ከጥቃት ለመጠበቅ የታሰበ ነው፣ አልቃወመውም። በየማሠልጠኛው ቤት አያያዝ፣ የሕፃናትና የአረጋውያን እንክብካቤ ይማራሉ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ይፈተናሉ፣ አልፈው ይበራሉ። እስኪ አስቡት! ለሪያድ አሮጊት መንግሥታችን የሠለጠነች ልጅ መርጦ ይልካል፤ ለጉለሌ አሮጊት ደላላ ይበቃታል።

ሕጋችን አፉን አልዘጋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የቤተሰብ ሕጉም ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ፣ ጤናውንም እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን መንግሥት ወደ ልጅ፣ ልጅም ወደ መንግሥት ሲያይ፣ በመካከል የተኛችው እናት ጎኗን የሚለውጥላት እጅ እንጂ አንቀጽ አይደለም የምትፈልገው። ጧሪ ቀባሪ አጥቶ ጎዳና ለወደቀው እንደ ሜቄዶንያ ያለ ማዕከል ደርሶለታል፤ እግዜር ይስጣቸው። ቤት ያላት፣ ልጆች ያሏት፣ ጡረታ የምትቀበል አሮጊት ግን «ሰው አላት» ተብላ ከሁሉም መዝገብ ውጪ ናት።

ይህን ሁሉ ይዤ በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሣሁ። ከወር መዋጮው ጥቂት ተቀንሶ፣ እንደ እትዬ ያሉትን አስተማሪ አድርገን፣ ከጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ለምነን፣ ለአልጋ ቁራኛ አባሎቻችን ተረኛ አስታማሚ እንመድብ አልኩ። የእድሩ ዳኛ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ልጄ፣ እድር የቀብር ነው፤ ሕመም የቤተሰብ ነው» አሉ። ሌላ ሽማግሌ ቀጠሉ፤ «አጉል ነገር አታምጣብን። ነገ ሁሉም ታመምኩ እያለ ካዝናውን ያራቁተዋል።»

ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ በዚያ በክፉ ዘመን የእድር ካዝና ሲራቆት አይተዋል። ግን እኔ የጠየቅሁት ብር ይታደል ብዬ አልነበረም። እድር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት በተራ ማዋጣት ያውቅበታል። ድንኳን የሚተክል ተረኛ ካለ፣ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የሚያገላብጥ ተረኛ ለምን አይኖርም? ለቀብር የቀረ ከተቀጣ፣ ለማስታመም የመጣ ለምን አይመሰገንም? ጉባኤው ይህን ለመነጋገር ጊዜ አልነበረውም፤ አጀንዳው የፕላስቲክ ወንበር ግዢ ነበር። ወንበሩ በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

እማዬ በእትዬ ምክር የቀላው ቆዳዋ ድኖላት ጥቂት ቆየች። ስታርፍ እድሩ እንደ ልማዱ አላሳፈረንም። በሠልስቱ ገንዘብ ያዡ መጥተው የሚገባንን ቆጥረው አስፈረሙን። እማዬ ያን ገንዘብ ለዘመናት አዋጥታዋለች። በሕይወት ሳለች ከዚያው ላይ ግማሹ ቢፈቀድላት ኖሮ የእትዬ የብዙ ወር ደሞዝ ይሆን ነበር። የእሷ ገንዘብ ነበር፤ የሚደርሳት ግን መሞት ስትችል ብቻ ነበር።

ሰው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላል። እኛ ሁለቱንም አሳልፈን ልናበቃ ነው። በክፉው ዘመን ቦርሳ ያነገቱት ሴቶች አሁን እነሱም አርጅተዋል። እትዬ ጉልበታቸውን እያመማቸው ደረጃ አይወጡም፤ አብረዋቸው ከሠለጠኑት መካከል ስማቸው ከእድር መዝገብ የተሰረዘ አለ። የእነሱን ሙያ የጻፈው የለም፣ ተማሪም አላፈሩም፤ እነሱም አንድ ቀን ሲተኙ የሚደርስባቸው ያው ደላላና ያው ቅባት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕውቀቱ ከባለቤቶቹ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲቀበር፣ አረጋውያን መብዛታቸውን የሚነግረን አንድ ጥናት ይወጣል፣ ፕሮጀክት ይቀረጻል፣ ገንዘብ ይለመናል። ያኔ ከውጭ አማካሪ አስመጥተን፣ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ለተሳታፊው አበል ከፍለን፣ ጋቢ ጠቅልሎ ከጀርባ ማስደገፍን በዶላር እንማራለን።